ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለባቸው ልጆች የጉበት ሕመምን ቀድሞ ለመጠርጠር የትኛው የደም ምርመራ ይመረጣል?

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ማለትም ሳንባን፣ ቆሽትንና ጉበትን የሚጎዳ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለበትን ልጅ የሚከታተል ሐኪም ጉበቱ እንዲታይ ባዘዘ ጊዜ፣ ወላጅ የትእዛዝ ወረቀቱን ይዞ በቸርችል ጎዳና፣ በስታዲየም ወይም በሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ላቦራቶሪዎች ወደ አንዱ ይሄዳል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ጥያቄው ይበዛል። የታዘዘው ሁሉ ይሠራ ወይስ ከፊሉ? ባለፈው የተሠራው አይበቃም ወይ? ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክበት ውድ ምርመራ እዚሁ ከሚሠራው ተራ ምርመራ የተሻለ ነገር ይናገራል ወይ? ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ለወላጆችም፣ እንዲህ ያለ ልጅ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚገጥማቸው የጤና ጣቢያና የተመላላሽ ክፍል ሐኪሞችም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። የዚህን የጉበት ሕመም መምጣት ብቻውን በእርግጠኝነት የሚተነብይ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ይህ ማለት ግን ሁሉም ምርመራዎች እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ጂጂቲ የተባለው ኢንዛይምና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ቁጥር፣ በአንድ ላቦራቶሪ በየጊዜው እየተደጋገሙ ከአልትራሳውንድ ጋር ሲነበቡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚሠራ ውድ ምርመራ የበለጠ ይጠቅማሉ። ገንዘቡ ውስን ለሆነ ቤተሰብ ቅድሚያ የምሰጠው ለእነዚህ ሁለቱ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

ሕመሙ ጉበትን የሚነካበት መንገድ

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚመጣው በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘውና በ1989 እ.ኤ.አ. ተለይቶ በታወቀው፣ ሲኤፍቲአር በሚባለው ዘረመል ጉድለት ነው። የዚህ ዘረመል ፕሮቲን በጉበት ውስጥ የሚገኘው በዋናዎቹ የጉበት ሕዋሳት ላይ ሳይሆን የሐሞት ቱቦዎችን ከውስጥ በሚሸፍኑት ሕዋሳት ላይ ነው። ፕሮቲኑ ሥራውን በማይሠራበት ጊዜ ውሃና ባይካርቦኔት ወደ ሐሞቱ በበቂ መጠን ስለማይገባ ሐሞቱ ይወፍራል፣ ትንንሾቹ ቱቦዎች ይደፈናሉ፣ ዙሪያቸውም ይቆጣና ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው ጉበቱን በአንድ ጊዜ አያዳርስም፤ አንዱ ክፍል ተጎድቶ አጠገቡ ያለው ጤናማ እንደሆነ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በመርፌ የሚወሰድ የጉበት ናሙና እንኳ አንዳንዴ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው፤ መርፌው ጤናማውን ክፍል ካገኘ ውጤቱ የተጎዳውን አያሳይም። በአንዳንድ ልጆች ደግሞ ጉዳቱ በፖርታል ደም ሥር ማለትም ከአንጀትና ከጣፊያ ወደ ጉበት ደም በሚያደርሰው ሥር ትንንሽ ቅርንጫፎች ላይ ይሆንና፣ የታወቀው ሲሮሲስ ማለትም ጉበትን የሚያጠነክር የተስፋፋ ጠባሳ ሳይኖር በሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል።

ብዙዎቹ ልጆች በሕይወታቸው በሆነ ጊዜ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎባቸው ያውቃል፤ ወደ ከባዱ ደረጃ ማለትም ወደ ሲሮሲስና ወደ ፖርታል ግፊት የሚደርሱት ግን ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። እነዚህም በአብዛኛው የሚለዩት 10 ዓመት ገደማ ወይም በጉርምስና መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ ከደም ምርመራ የምንጠብቀው መልስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ዛሬ ጉበቱ ላይ ቁጣ መኖር አለመኖሩ፣ ሁለተኛው ይህ ልጅ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ የመሆን ዕድሉ ነው። አብዛኞቹ ምርመራዎች የሚመልሱት የመጀመሪያውን ብቻ ሆኖ ሳለ ለሁለተኛው መልስ እንደሰጡ ተደርገው መነበባቸው ዋናው የስሕተት ምንጭ ይመስለኛል።

ኤኤልቲና ኤኤስቲ፦ የሚታወቁት ግን የሚያሳስቱት

በከተማችን በሚታተሙ አንዳንድ ውጤቶች ላይ ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ የሚሉት የቆዩ ስሞች አሁንም ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ኤኤልቲ፣ ሁለተኛው ኤኤስቲ ነው። ሁለቱም የጉበት ሕዋስ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጡ ኢንዛይሞች ናቸው። ርካሽ ናቸው፣ በየትኛውም ላቦራቶሪ ይሠራሉ፣ ቫይረስ ወይም መድኃኒት ጉበትን በድንገት ሲጎዳም ቶሎ ያሳያሉ። በሐሞት ቱቦ ዙሪያ ቀስ ብሎ ለሚያድገው ለዚህ ሕመም ግን ደካማ ናቸው። ዛሬ ከፍ ብለው ከወራት በኋላ ያለ ምንም ሕክምና ወደ ቦታቸው ሊመለሱ ይችላሉ፤ በተቃራኒው ሲሮሲስ ያለበት ልጅ ኤኤልቲው ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በአንድ ውጤት መደንገጥም ሆነ መጽናናት ተገቢ ያልሆነው ስለዚህ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ የኢንዛይም ከፍታን እንደ አንድ የጉበት ሕመም ምልክት የቆጠረው፣ ሌላ ምክንያት ተፈልጎ ከታጣ በኋላ በ12 ወራት ውስጥ ቢያንስ በ3 ተከታታይ ምርመራዎች ከተገኘ ብቻ ነው።

ሌላው ችግር «ልክ» የሚባለው ወሰን ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች የኤኤልቲን የላይኛ ወሰን 40 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው ያትማሉ፤ ወሰኑም ብዙ ጊዜ ለአዋቂ የተቀመጠ ነው። በአሜሪካ ጤናማ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት የተገኘው ወሰን ግን ለወንዶች 26፣ ለሴቶች 22 ገደማ ነው። ስለዚህ ኤኤልቲው 38 የሆነ ልጅ ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት ሳይደረግበት «ደህና ነው» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። የኤኤስቲ ነገር ደግሞ ይለያል፤ ትንንሽ ልጆች ላይ በተፈጥሮው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከጡንቻና ከቀይ የደም ሕዋስም ይወጣል። ደሙ በቀጭን መርፌ በችግር ከተቀዳ፣ ወይም ቱቦው በሙቀትና በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ብዙ ከቆየ፣ ቀይ ሕዋሶቹ ይፈነዱና ኤኤስቲው ያለ ጉበት ጥፋት ከፍ ይላል። ኤኤስቲ ብቻውን ዘሎ ኤኤልቲና ጂጂቲ ባሉበት ከቆዩ፣ ሌላ ነገር ከማሰብ በፊት ናሙናውን መልሶ መቅዳት ይሻላል።

መድኃኒቱም መጠየቅ አለበት። በእኛ አገር ለረጅም ጊዜ የሚያስል ልጅ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በሳንባ ነቀርሳ ስለሆነ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ልጅ የነቀርሳ መድኃኒት ወስዶ ወይም እየወሰደ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም፤ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናሚድ ደግሞ ሦስቱም የጉበት ኢንዛይም ሊያናውጡ ይችላሉ። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር፣ እንዲሁም ለፈንገስ የሚሰጡት ፍሉኮናዞልና መሰሎቹ ከዚሁ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውጭ አገር በሥራ ላይ የዋለው የሦስት መድኃኒቶች ቅንጅት ማለትም ኤሌክሳካፍቶር፣ ቴዛካፍቶርና አይቫካፍቶር የሲኤፍቲአርን ሥራ በእጅጉ የሚያሻሽል ቢሆንም፣ ኢንዛይም ሊያስጨምር ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትም በኋላም የጉበት ምርመራ ይጠይቃል። ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል መድኃኒቱን የሚያገኝ ቤተሰብ ካለ ይህን ምርመራ ከመድኃኒቱ ለይቶ ማየት የለበትም።

ጂጂቲ ከኤኤልፒ ጋር ሲነጻጸር

ሁለቱም በሐሞት መንገድ ላይ መደፈን ሲኖር ከፍ የሚሉ ኢንዛይሞች ናቸው። በልጅ ላይ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግን አላመነታም። ኤኤልፒ ከሚያድግ አጥንትም ይወጣል፤ ስለዚህ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ኤኤልፒው ከአዋቂ በእጅጉ ከፍ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው፣ ቫይታሚን ዲ ሲያንሰውም ይበልጥ ከፍ ይላል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ልጅ ቆሽቱ ስለሚደክም ስብንና በስብ የሚሟሙ ቫይታሚኖችን በደንብ አያገኝምና፣ የአጥንቱና የጉበቱ ምልክት አንዱ ቁጥር ውስጥ ይደባለቃሉ። ጂጂቲ ከአጥንት አይወጣም። የሐሞት ቱቦ ሕዋሳት ሲቆጡ ቀድሞ የሚናገረውም እርሱ ነው፤ እየቆየ ከፍ ማለቱም ኋላ ከሚመጣው ከባድ ሕመም ጋር በተደጋጋሚ ጥናቶች ተያይዟል።

ጂጂቲም ወጥመድ የለውም አይባልም። ገና በተወለዱ ሕፃናት ላይ ከፍ ብሎ ይጀምርና በመጀመሪያዎቹ ወራት እየወረደ ስለሚሄድ፣ የሕፃን ውጤት በሕፃናት ወሰን ካልተነበበ ያስደነግጣል። ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይንን የመሳሰሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ሪፋምፒሲንም ያለ ሕመም ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የተባለው የሐሞት መድኃኒት ደግሞ በተቃራኒው ጂጂቲን ያወርዳል፤ ሕመሙ ወደ ሲሮሲስ እንዳይሄድ ማድረጉ ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ጂጂቲው ስለወረደ ብቻ ጉበቱ ዳነ ብሎ መደምደም አይገባም።

አንድ ቀላል ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። ትእዛዙ ላይ ኤልኤፍቲ (የጉበት ምርመራ ማለት ነው) የሚል የእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ከተጻፈ ጂጂቲ በውስጡ ላይኖር ይችላል፤ አንዳንድ ቦታ ኤልኤፍቲ ሲባል የሚሠሩት ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ኤኤልፒና ቢሊሩቢን ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ጂጂቲን በስሙ ለይቶ ቢጽፍ፣ ወላጅም ከመክፈሉ በፊት መኖሩን ቢጠይቅ ይበጃል።

ፕላትሌት፦ በጉበት ምርመራ ወረቀት ላይ የማይገኘው የጉበት ምልክት

ፕላትሌት የሚቆጠረው በተራው የደም ቆጠራ ማለትም በሲቢሲ ነው። ከጉበት ጋር የሚያገናኘው ጣፊያ ነው። ጉበት በጠባሳ ሲጠነክር ወይም የፖርታል ሥሩ ቅርንጫፎች ሲጠቡ ደሙ ወደ ኋላ ይጋፋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠ ጣፊያም ፕላትሌቶችን በውስጡ ይይዛል፤ በዚህ ምክንያት በደም ውስጥ የሚቆጠረው ቁጥር ይቀንሳል። ኤኤልቲ ምንም ሳይል ፕላትሌት እየወረደ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ይህ ልጅ ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባ ነው።

ላቦራቶሪው የሚያትመው ወሰን ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 450 ነው፤ ይህም በሺህ በማይክሮ ሊትር ነው። አንድ ልጅ በመጀመሪያ 340፣ በዓመቱ 270፣ በሚቀጥለው 185 ቢያመጣ፣ ሦስቱም ውጤቶች በወሰኑ ውስጥ ስለሆኑ አንዳቸውም ላይ ምልክት አይደረግም። ሦስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ልጁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። የድሮ ውጤቶችን አለመጣል፣ ካርድ ክፍል ያለው ፋይል እንደሆነ ሆኖ ቤት ውስጥ በአንድ አቃፊ ማስቀመጥ፣ ወላጅ ያለ ምንም ወጪ ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ የበለጠ ጥቅም ያለው ነገር ነው እላለሁ።

ፕላትሌት በሁለት አቅጣጫ ያታልላል። የሳንባ ኢንፌክሽንና የሰውነት ቁጣ ፕላትሌትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የብረት ማነስም እንዲሁ፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለበት ልጅ ደግሞ እነዚህ እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ ጣፊያው እየያዘበት ያለ ልጅ ደረቱ በታመመ ሳምንት ቢመረመር ቁጥሩ «መልካም» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ወባ በበኩሉ ፕላትሌትን በአጭር ጊዜ ያወርዳል፤ አዲስ አበባ መሐል የሚኖር ልጅ እዚህ ከፍታ ላይ ወባ አይይዘውም ቢባልም፣ ክረምቱን ቆላ ካሉ አያቶቹ ጋር አሳልፎ ከተመለሰ ነገሩ ይለወጣል። በቱቦው ውስጥ ፕላትሌቶች ተጣብቀው ማሽኑ ዝቅ አድርጎ የሚቆጥርበት ጊዜም አለ። ያልተጠበቀ ዝቅተኛ ቁጥር ሲመጣ የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እንዲያየው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኤፕሪ፣ ጂፒአር እና ፊብ-4፦ ከተሠራው ውጤት የሚወጡ ስሌቶች

እነዚህ አዲስ ደም አይጠይቁም፣ ተጨማሪ ክፍያም የላቸውም፤ በእጅ ያሉትን ቁጥሮች ያቀናጃሉ። ኤፕሪ የሚገኘው ኤኤስቲን ለላቦራቶሪው የላይኛ ወሰን አካፍሎ፣ በ100 አባዝቶ፣ ለፕላትሌት በማካፈል ነው። ጂፒአር ያው ስሌት ሆኖ በኤኤስቲ ፋንታ ጂጂቲን ይወስዳል። ፊብ-4 ደግሞ ዕድሜን በኤኤስቲ አባዝቶ፣ ፕላትሌት በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ያካፍላል። በሦስቱም ፕላትሌት የሚገባው በሺህ ነው፤ 180 ሺህ ከሆነ 180 ተብሎ ይጻፋል።

ለምሳሌ ያህል የ8 ዓመት ልጅ እናስብ፦ ኤኤስቲ 60፣ ኤኤልቲ 45፣ ጂጂቲ 66፣ ፕላትሌት 180፤ የላቦራቶሪው የላይኛ ወሰን ለኤኤስቲ 40፣ ለጂጂቲ 30። ኤፕሪው 0.83፣ ጂፒአሩ 1.22፣ ፊብ-4ቱ 0.40 ይሆናል። አሁን እነዚያኑ ቁጥሮች ለ48 ዓመት ሰው ብንሰጣቸው ፊብ-4 ወደ 2.39 ይወጣል፤ የተለወጠው ዕድሜው ብቻ ነው። ፊብ-4 የተሠራው ለአዋቂዎች ነውና በልጅ ላይ ዕድሜው ውጤቱን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ለአዋቂዎች የተቀመጠውን መለያ ቁጥር ለልጅ መጠቀም ማንንም ላለማግኘት መወሰን ነው።

ኤፕሪና ፊብ-4 ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለባቸው ልጆች ላይ ከጉበት ናሙና ጋር ተነጻጽረው ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ኤፕሪ ሕመሙ ያለባቸውን ከሌለባቸው በመለየት የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ 0.264 እንደ መለያ ሲወሰድ ካለባቸው ልጆች 73 በመቶ ያህሉን ያዘ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 70 በመቶ ያህሉን በትክክል ነጻ አደረገ። በሌላ አነጋገር ከ10 የታመሙ ልጆች 3 ያህሉ ያመልጡታል፣ ከ10 ጤነኞችም 3 ያህሉን ያስደነግጣል። ፊብ-4 ሕመሙን በመለየት ደካማ ቢሆንም፣ በዚያው ጥናት ለልጆች በሚስማማ ዝቅተኛ መለያ የፖርታል ግፊትን በመጠቆም ጥሩ ሠርቷል። ስለዚህ ፊብ-4ን ፈጽሞ መጣል አይገባም፤ ለአዋቂ የሄፓታይተስ ሕሙማን በወጣው ሰንጠረዥ እያነበቡ መወሰን ግን ስሕተት ነው።

ከስሌቶቹ ድክመት ሁሉ በእኛ ሁኔታ የሚያሳስበኝ የላይኛው ወሰን ነው። ከላይ ያለው ልጅ ወሰኑ 50 በሆነ ሌላ ላቦራቶሪ ቢመረመር፣ ደሙ ያው ሆኖ ኤፕሪው ከ0.83 ወደ 0.67 ይወርዳል። ቤተሰቡ አንዴ ፒያሳ፣ አንዴ ካዛንቺስ፣ አንዴ ደግሞ ቅናሽ ያለበት ቦታ እየሄደ ከሆነ፣ ጉበቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል። እንደገና ያው ልጅ ደረቱ ታምሞ ፕላትሌቱ ወደ 450 ከፍ ባለበት ሳምንት ቢመረመር ኤፕሪው 0.33 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱን ለመተርጎም ሁለት ነገር ይቅደም፦ ላቦራቶሪው አንድ ይሁን፣ ልጁም ከኢንፌክሽኑ አገግሞ ጥቂት ሳምንታት ይቆይ። ለጉበት ኢንዛይም መጾም አያስፈልግም፤ ልጅን ባዶ ሆዱን ማለዳ ይዞ መሰለፍ ጥቅም የለውም።

ከኤፕሪና ከጂፒአር የማዘነብለው ወደ ጂፒአር ነው፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከሐሞት ቱቦ በመሆኑ ጂጂቲን የያዘው ስሌት ለተፈጥሮው ይቀርባል፣ ናሙና ሲፈነዳ የሚመጣውን የኤኤስቲ ስሕተትም ያስወግዳል። ይሁን እንጂ ኤፕሪ ሲሠራበት የቆየ ስለሆነ ሁለቱንም አስልቶ መያዝ አይከፋም።

ቢሊሩቢን፣ አልቡሚንና የደም መርጋት ምርመራ

እነዚህ የሚናገሩት ዘግይተው ነው። ጉበት የቀረው አቅም እስኪያልቅ ድረስ አልቡሚን መሥራቱንና ቢሊሩቢን ማስወጣቱን ስለማያቆም፣ ለመተንበይ አይሆኑም፤ ሕመሙ የታወቀበትን ልጅ ደረጃ ለማየት ግን ያስፈልጋሉ። አልቡሚን በምግብ እጥረት ይወርዳል። አይኤንአር የተባለው የመርጋት ምርመራ ደግሞ በቫይታሚን ኬ እጥረት ይረዝማል፤ ይህም ቆሽቱ በደከመ ልጅ የተለመደ ነው። ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶ ሲደገም ከተስተካከለ ጥፋቱ የጉበት አልነበረም ማለት ነው። ይህ ሳይደረግ «ጉበቱ መሥራት አቁሟል» ማለት ቤተሰብን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ነው።

ወደ ውጭ የሚላኩት ምርመራዎች

ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ቲምፕ-1፣ ኮላጅን 4 እና የመሳሰሉት ጠባሳ ሲሠራና ሲፈርስ ወደ ደም የሚወጡ ነገሮችን ይለካሉ። ኤልፍ የሚባለው ውጤት ሦስት ያህሉን ያጣምራል። ማይክሮ አርኤንኤ የተባሉት ጥቃቅን ሞለኪውሎችም እየተጠኑ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሚያድግ ልጅ አጥንትና ቆዳም ኮላጅን እየሠሩ ስለሆነ ቁጥሮቹ ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣሉ፣ በዚህ ሕመም ላይም ለዕለት ተዕለት ሕክምና የሚበቃ የተረጋገጠ መለያ የላቸውም። ገንዘቡ ካለ እንኳ በእርሱ አልትራሳውንድ ቢሠራ እመርጣለሁ።

ከዚህ የሚለየው የዘረመል ምርመራ ነው። ሰርፒንኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ ዜድ የሚባለውን ለውጥ የተሸከመ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስም ያለበት ልጅ፣ ለከባድ የጉበት ሕመም ያለው ተጋላጭነት 5 እጥፍ ያህል ይጨምራል። ይህ ለውጥ የሚበዛው ግን በአውሮፓ ተወላጆች ዘንድ ስለሆነ፣ ለአብዛኛው አዲስ አበባ ለሚኖር ቤተሰብ የመጀመሪያ ወጪ ሊሆን አይገባም። ወንድ መሆን፣ በመወለድ ጊዜ አንጀት በወፈረ ሰገራ መዘጋቱ፣ የቆሽት ድክመትና ከባድ የሲኤፍቲአር ጉድለት ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ ይታወቃል። እነዚህን ለማወቅ ደም መቅዳት አያስፈልግም፤ የልጁን ታሪክ መጠየቅና ያለፈውን ወረቀት ማየት ይበቃል።

እዚህ አገር ከዚህ ሕመም ጋር የሚመሳሰሉት

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ስላለበት ብቻ የልጁን የጉበት ችግር ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን አደገኛ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ነው፤ በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ገብቶ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ክትባቱን ያልጨረሱ ልጆች አሉ፣ ከእናት በወሊድ የተላለፈባቸውም አሉ። ቢልሃርዝያ በተለይ በጣናና በዝዋይ ሐይቆች ዙሪያ የኖረን ወይም የሚዋኝን ልጅ ሊይዝ ይችላል፤ የሚያስከትለው በፖርታል ሥር ዙሪያ ያለ ጠባሳ፣ ያበጠ ጣፊያና የወረደ ፕላትሌት ከላይ ከገለጽነው ጋር ሲታይ መንታ ይመስላል፣ ኤኤልቲውም ልክ ሆኖ ይገኛል። ከሁመራና ከመተማ የመጣ ልጅ ላይ ካላ አዛር መታሰብ አለበት። የዊልሰን ሕመም፣ ሰውነት ራሱ ጉበትን የሚያጠቃበት ሕመምና ሴሊያክም ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። በምግብ እጥረት የሚመጣ የጉበት ስብም ኢንዛይምን ከፍ ያደርጋል፤ ልጁ በቂ ምግብና የቆሽት ኢንዛይም ሲያገኝ ሊሻሻል ይችላል። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ለልጁ የባህል መድኃኒት ተሰጥቶት እንደሆነም፣ ማንንም ሳይወቅሱ በረጋ መንፈስ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እናት የምትሸሽገው ስለምትፈራ ነው።

አልትራሳውንድ ሲጨመር

የደም ምልክቶች ዋጋቸው የሚወጣው ከምስል ጋር ሲጣመሩ ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆችን ለዓመታት የተከተለው ፑሽ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ጉበታቸው በአልትራሳውንድ ወጥ ያልሆነ፣ የተዘበራረቀ መልክ የነበራቸው ልጆች ወደ ከባዱ ሕመም የመድረስ ዕድላቸው መልኩ ደህና ከነበረው 9 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በምስሉ ላይ ዕድሜ፣ ጂጂቲና ፕላትሌት ሲጨመሩ ትንበያው ይሻሻላል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ መመሪያም በየዓመቱ የደም ምርመራ፣ ከ3 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 ዓመቱ አልትራሳውንድ እንዲደረግ ይመክራል።

አልትራሳውንድ መሐል ከተማ ውስጥ ማግኘት አያስቸግርም፤ ልዩነቱ ያለው በሚታየው ነገር ላይ ነው። ትእዛዙ «ሆድ» ብቻ ካለ መልሱም አጭር ይሆናል። የጉበቱ መልክ ወጥ መሆን አለመሆኑ፣ ጠርዙ መጎርበጡ፣ የጣፊያው ርዝመት በሴንቲሜትር ከዕድሜው አንጻር፣ የፖርታል ሥሩም የደም ፍሰት እንዲገለጽ መጻፍ ይገባል። በተለይ የጣፊያ ርዝመት በየጊዜው ከተመዘገበ ከፕላትሌት ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን ካለ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ከደም ምርመራው በተለየ ልጁ ጥቂት ሰዓት ጾሞ መምጣት አለበት፣ ለትንንሽ ልጆችም ትንሹ መሣሪያ መኖሩ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ስለ ምርጫው

በዓመት ለአንድ ዙር ብቻ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ሲቢሲ፣ ጂጂቲ፣ ኤኤልቲና ኤኤስቲን ይዞ ሌላውን ቢተው ብዙ አይጎዳም፤ ገንዘቡ ሁለት ምርመራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሲቢሲና ጂጂቲን እመርጣለሁ። አንድ ውጤት ብቻ ከፍ ብሎ ልጁ ደህና ከሆነ፣ መድኃኒቱ ተጠይቆ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው ላቦራቶሪ ይደገም። ጂጂቲ በተደጋጋሚ ከፍ ካለ፣ ወይም ፕላትሌት ከዓመት ዓመት ከወረደ፣ ቁጥሩ ገና በወሰኑ ውስጥ ቢሆን እንኳ፣ አልትራሳውንድ ሳይዘገይ ይሠራ፣ የሚመሳሰሉት ሕመሞችም ይመርመሩ። ጣፊያ በእጅ የሚዳሰስ ከሆነ ወይም ፕላትሌት ከ150 በታች ሆኖ ከቆየ፣ ጥያቄው መተንበይ መሆኑ አብቅቷል፤ ልጁ የሕፃናት የጉበትና የጨጓራ ሐኪም ወዳለበት ከፍተኛ ሆስፒታል ይላክ። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሄፓታይተስ ኤና ቢ ክትባቱ መሟላቱ ይረጋገጥ፣ ለትኩሳትና ለሕመም አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አይሰጠው።

ልጁ ደም ካስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆዱ በውሃ ከተነፋ ወይም ከወትሮው ተለይቶ ከተደናገረ፣ የላቦራቶሪ ወረፋ አይጠበቅም፣ የታዘዘው ደምም ቀድሞ አይቀዳም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል፣ ደሙም እዚያው ይቀዳል።